«ጆሮዬ ውስጥ ዱቄት ይነፋል»፦ ከታምቡር ጀርባ ስለተገኘ ደም መልስ የቀረበ የጉዳይ ጥናት

ታካሚዋ የ27 ዓመት ሴት ናት። ከመራዊ ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ ትኖራለች፤ ከባለቤቷ ጋር በቆጋ መስኖ ሽንኩርትና ድንች ያለማሉ። የሁለት ልጆች እናት ስትሆን ሁለተኛዋ ልጅ በዚያን ጊዜ የሰባት ወር ሕፃን ነበረች። ስሟን፣ የቀበሌዋን ስምና ወደ እኛ የመጣችበትን ቀን ሆን ብዬ ትቻለሁ። ባሕር ዳር ወደሚገኘው የአንገት በላይ ክፍላችን የመጣችው ከጤና ጣቢያ በተጻፈላት ሪፈር ሲሆን ወረቀቱ ላይ «ቀኝ ጆሮ፣ የመስማት መቀነስ፣ ከታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ሳይኖር አይቀርም» የሚል ተጽፎ ነበር።

እርሷ ግን የመጣችው መስማት ተቀንሶባት አልነበረም። ምን እንደሚሰማት ስጠይቃት ሕፃኗን ወደ ሌላኛው ጉልበቷ አዛወረችና «ሌሊቱን ሙሉ ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ሰው ዱቄት ይነፋል» አለችኝ። በወንፊት ዱቄት ሲነፋ ቤት ውስጥ የተኛ ሰው የሚሰማውን ድምፅ የሚያውቅ ሁሉ ምን ማለቷ እንደሆነ ይገባዋል፤ ሽው፣ ሽው፣ ሽው እያለ፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ የሚመላለስ ድምፅ ነው። ያን ቀን ይህን አነጋገር እንደ ቀልድ ሰምቼ ማለፌን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱም ምርመራው ግማሽ መንገድ ያለቀው በዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ጆሯቸው ይጮኻል ብለው ከሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ የሚናገሩት ስለማያቋርጥ ፉጨት ወይም እንደ ፌንጣ ስላለ ጭርታ ነው። እንደ ወንፊት የሚመላለስ ድምፅ ግን የሌላ ነገር ምልክት ነው፤ ከልብ ምት ጋር እኩል የሚሄድ ጩኸት ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከመስሚያው ነርቭ ሳይሆን በጆሮ አጠገብ ከሚያልፍ ደም ነው።

ድምፁ የጀመራት በእርግዝናዋ የመጨረሻ ወር አካባቢ ነው። ስትወልድ ይተወኛል ብላ ጠበቀች፤ ጭራሽ ባሰባት። በወሊዱ ጊዜ ብዙ ደም እንደፈሰሳት፣ ለሁለት ቀን ያህል ከአልጋ መነሣት እንዳልቻለች ባለቤቷ ጨምሮ ነገረን። ጤና ጣቢያ ሁለት ጊዜ አሞክሳሲሊን ተሰጥቷታል፤ የጆሮ ጠብታም ታዞላት ነበር። ጠበልም ተጠምቃለች። አማቷ ጤና አዳም ጨምቃ ጠብ አድርጋላታለች። አንዱም ለውጥ አላመጣም፤ ሊያመጣም አይችልም ነበር።

በኦቶስኮፕ (ጆሮ ውስጥ በሚያሳየው ባለመብራት መሣሪያ) ሳየው የግራው ታምቡር እንደማንኛውም ጤነኛ ታምቡር የሚያበራ ግራጫ ነበር። የቀኙ የላይኛው ግማሽ ደኅና ሆኖ የታችኛው፣ በተለይም ወደ ኋላ ያለው ክፍል፣ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነበር። ቱኒንግ ፎርኩን፣ ሲመቱት የሚጮኸውን ባለሁለት ጣት ብረት፣ ግንባሯ ላይ ሳስቀምጥ ድምፁን ወደ ቀኝ እንደምትሰማው ተናገረች፤ ከቀኝ ጆሮዋ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ ሳደርገውም ከጆሮዋ ፊት ለፊት ከያዝኩት ይልቅ በርትቶ ተሰማት። ይህ የሚያሳየው ድምፅ በመካከለኛው ጆሮ በኩል በደንብ እንደማያልፍ ነው። ከሁለት ወር በፊት ጉንፋን ይዟት እንደነበረም ተናግራለች። ሰማያዊ ታምቡር፣ የማስተላለፍ ችግር፣ ጉንፋን፤ ሦስቱን ደምሬ ካርዷ ላይ «ከታምቡር ጀርባ ፈሳሽ» ብዬ ጻፍኩ። ሪፈሩም እንዲሁ ይል ስለነበር ሐሳቤን ለመለወጥ የሚያስገድደኝ ነገር አልነበረም፤ አስቀድሞ የተጻፈ ምርመራ ተከታዩን ሐኪም ምን ያህል እንደሚያሰንፍ በዚያ ቀን በራሴ ላይ አይቻለሁ። ለሲስተር ታምቡሩን በጥቂቱ ሰንጥቀን ፈሳሹን እንድንመጥ ዕቃውን እንድታዘጋጅ ነገርኳት። ቀጭኗ ቢላ፣ የመምጠጫው ቱቦና ማደንዘዣው በትሪ ቀረቡ።

ታካሚዋ ወንበሩ ላይ ሆና እጇን ከቀኝ መንጋጋዋ ሥር አድርጋ ነበር። ጆሮዋን ማየት እንድችል እጇን እንድታወርድ ጠየቅኳት። አወረደች፤ ወዲያው ፊቷን አኮማትራ መልሳ አደረገችው። እንደገና ስጠይቃት «ዶክተር፣ ይቺን ስጫናት እኮ ዝም ይላል፤ እርስዎ እስኪወጉኝ ልረፍበት ብዬ ነው» አለች።

ትሪውን እንዲያነሡት አደረግኩ።

ለካስ ይህን ዘዴ ካገኘችው ወራት አልፈዋል። ሌሊት ሕፃኗን ስታጠባ እጇን ከመንጋጋዋ ሥር ደግፋ ስትቀመጥ ወንፊቱ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ቀንም ሲታክታት እንዲሁ ታደርጋለች። በአገራችን እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ የምትቀመጥ ሴት ሐዘን የምትጠራ ተደርጋ ትታያለችና አማቷ «ምን ጎደለብሽና ነው ሟርት የምትጠሪብን?» እያሉ ይቆጧት ነበር። ለሕክምና ባለሙያዎች ሁሉ ይህን ያልተናገረችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ነውር የሆነ ልማድ እንጂ የበሽታ ምልክት አልመሰላትም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ምርመራ መሣሪያ የሚጠይቅ አልነበረም። የቀኝ እጇን የልብ ምት ይዤ፣ ወንፊቱ በተነፋ ቁጥር በግራ እጇ ጣት ጠረጴዛውን እንድትመታ አዘዝኳት። ጣቷና የደም ሥሯ አንድም ጊዜ ሳይዛነፉ አብረው ሄዱ፤ በደቂቃ 98። ከቀኝ መንጋጋዋ ጥግ ዝቅ ብዬ በሁለት ጣት በጣም በቀስታ፣ ደም ቅዳውን (ደም ከልብ የሚያወጣውን ሥር) የማይነካ ያህል ብቻ ስጫን ድምፁ ጠፋ። በግራ በኩል በዚያው መጠን ስጫን በረታባት፤ በዚያኛው በኩል ሊወርድ ይችል የነበረው ደምም ወደ ቀኙ ስለሚዞር ነው። አንገቷን ወደ ቀኝ ስታዞር ቀነሰ፤ ወደ ግራ ስታዞር ጨመረ። ደም ቅዳ የሚያመጣው ጩኸት በእንዲህ ያለ ቀላል ጫና አይጠፋም፤ ስለዚህ ነገሩ ወደ ደም መልስ፣ ደም ወደ ልብ ወደሚመልሰው ሥር፣ ያዘነብል ነበር። በመጨረሻ ኦቶስኮፑን ጆሮዋ ውስጥ እንደያዝኩ ትንፋሿን ይዛ እንድታምጥ ነገርኳት። ሰማያዊው ነገር ዓይኔ እያየ ሰፋና ወደ ታምቡሩ ተጠጋ፤ ስትተነፍስ ወደ ቦታው ተመለሰ። ፈሳሽ ቢሆን እንዲህ አያደርግም። ያ በትሪ ቀርቦ የነበረው ቢላ ሊገባ የነበረው በቀጥታ ከአንጎል በሚወርደው ዋና ደም መልስ ውስጥ ነበር። ታምቡርን ለመሰንጠቅ የሚመረጠው ቦታ ወደ ፊት ያለው የታችኛው ሩብ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ደም መልሱ ምን ያህል ወደ ፊት እንደተዘረጋ ከውጭ አይታወቅም፤ ቢላውም ለአንድ ሚሊሜትር ስሕተት አያዝንም።

እዚህ ላይ የአካሉን አሠራር ማስረዳት ይገባል። ከአንጎል የሚመለሰው ደም የሚሰበሰበው በራስ ቅል ውስጥ ሳይነስ በሚባሉ ሰፋፊ መተላለፊያዎች ነው። በጭንቅላት ኋላ በኩል ትራንስቨርስ ሳይነስ የተባሉት ሁለቱ በግራና በቀኝ ተለያይተው ይዞራሉ፤ ከጆሮ ጀርባ ወዳለው አጥንት ሲደርሱ ተጠማዝዘው ይወርዳሉና ከዚያ ወዲያ ሲግሞይድ ሳይነስ ይባላሉ፤ ከዚያም ጁጉላር ፎራመን በተባለው የራስ ቅል መሠረት ቀዳዳ ወጥተው የውስጥ ጁጉላር ደም መልስ በመሆን በአንገት ወደ ልብ ይወርዳሉ። ልክ በዚህ መውጫ ላይ ደም መልሱ እብጥ ብሎ ጉልላት ይሠራል፤ ሐኪሞች ጁጉላር ባልብ ይሉታል። ቃሉ የላቲን ሲሆን የሽንኩርት ራስ ማለት ነው፤ ለሽንኩርት ገበሬ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም። ጉልላቱ የሚቀመጠው ከመካከለኛው ጆሮ ወለል በታች ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ስስ የአጥንት ጣሪያ ብቻ ሲሆን፣ ወደ ውስጥ በኩል ደግሞ የኮክሊያው (ድምፅን ወደ ነርቭ የሚያስተላልፈው ጥምዝ የውስጥ ጆሮ ክፍል) ሥርና የሚዛን መጠበቂያዎቹ ቀለበቶች ይጎራበቱታል።

ይህ ጉልላት በሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአንድ ሰው ግራና ቀኝ እንኳን አይመሳሰልም። በብዙ ሰው ላይ የቀኙ ይሰፋል፤ ምክንያቱም በጭንቅላት አናት መካከል የሚመጣው ትልቁ ሳይነስ ብዙውን ጊዜ ደሙን የሚያፈስሰው ወደ ቀኝ ነው። በአንዳንዱ ሰው ጉልላቱ ከወለሉ አልፎ ወደ መካከለኛው ጆሮ ከፍ ይላል፤ በሌላው ደግሞ የአጥንቱ ጣሪያ ከነጭራሹ ይጎድልና ደም መልሱ ከታምቡሩ ጀርባ ራቁቱን ይቀራል። ከጎኑ ትንሽ ከረጢት አውጥቶ ወደ ውስጥ ጆሮ የሚገፋበትም አለ፤ ያን ጊዜ የሚመጣው ማዞርና የነርቭ መስማት ችግር ነው። «ከፍ ያለ» የሚለው ስያሜም አንድ መለኪያ የለውም። አንዱ ባለሙያ የታምቡሩን የታችኛውን ጠርዝ ይይዛል፤ ሌላው የኮክሊያውን የመጀመሪያ ዙር፤ ሦስተኛው የመስሚያው ነርቭ ከሚያልፍበት ቦይ ወለል 2 ሚሊሜትር መቅረቡን። ስለዚህ አንዱን ፊልም ሁለት ሰው አንብቦ አንዱ «ከፍ ያለ»፣ ሌላው «መደበኛ» ቢል ሁለቱም ላይሳሳቱ ይችላሉ።

ሲቲ ስካኑ የተነሣው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ባለቤቷ ወጪውን በሽንኩርት ኩንታል አስልቶ፣ ገበያው እስኪነሣ ጠብቆ መጣ። ቀጭን ቁርጥ ያለው የጆሮ አጥንት ምርመራ ነበር። የመጀመሪያው ንባብ ግን ልባችንን አስደነገጠው፤ «በቀኝ መካከለኛ ጆሮ ወለል ላይ ለስላሳ እብጠት፣ ግሎመስ የተባለው ዕጢ ሊሆን ይችላል» ይል ነበር። ግሎመስ ከዚያው ከጁጉላር ጉልላት አካባቢ የሚነሣ፣ ደም የበዛበት ዕጢ ነው፤ እርሱም ከልብ ምት ጋር የሚሄድ ጩኸት ያመጣል፤ ሕክምናውም ከባድ ነው። ቃሉ ለታካሚዋ ከመነገሩ በፊት ፊልሙን ካነበበው ባለሙያ ጋር አብረን ለመቀመጥ ጠየቅኩ፤ እርሱም ሳይቀየም ስክሪኑ ፊት ቦታ ለቀቀልኝ።

ከላይ ወደ ታች ቁርጥ በቁርጥ ወረድን። ያ «እብጠት» ከታች ካለው ደም መልስ ጋር አንድም ቦታ ሳይቋረጥ የተያያዘ ነበር። የወለሉ አጥንት በ4 ሚሊሜትር ያህል ስፋት የለም፤ ግን የጎደለበት ጠርዝ ልስልስ ብሎ የተሟሸ ምጣድ ይመስል ነበር። ዕጢ ቢሆን ኖሮ አጥንቱን ነቀዝ እንደበላው እህል ያጎደጉደው ነበር፤ በጁጉላሩና በደም ቅዳው መካከል ያለችውን ስለታም የአጥንት ሸንተረርም አስቀድሞ ይበላት ነበር። ሸንተረሯ በቦታዋ አለች። የካሮቲድ ደም ቅዳ ቦይም ግድግዳው ሙሉ ሆኖ በቦታው ነው፤ ይህን ማየት የግድ ነው፤ አንዳንዴ ያለ ቦታው በመካከለኛ ጆሮ የሚያልፈው ደም ቅዳው ራሱ ይሆናልና። ጉልላቱ ከታምቡሩ የታችኛው ጠርዝ አልፎ እስከ ክቡ መስኮት፣ በመካከለኛውና በውስጥ ጆሮ መካከል ስስ ሽፋን እስካለበት ቀዳዳ፣ ድረስ ወጥቷል። የግራው ሲግሞይድ ሳይነስ ከቀኙ ሢሶ እንኳን አይሞላም። ባለሙያው ሪፖርቱን በራሱ እጅ አስተካክሎ ጻፈው፦ ቀኝ፣ ከፍ ያለ ጁጉላር ባልብ፣ የወለሉ አጥንት ጎዶሎ።

የመስማት ችግሯም ከዚሁ የመጣ ነው። ድምፅ በመካከለኛው ጆሮ አጥንቶች ተሸጋግሮ ወደ ውስጥ ጆሮ ሲገባ ክቡ መስኮት በአጸፋው መንቀሳቀስ አለበት፤ ጉልላቱ ያን መስኮት ከደገፈው እንቅስቃሴው ይታፈናል። በኦዲዮሜትሪ (በመስማት ልኬት) ዝቅተኛ፣ ማለትም ወፍራም፣ ድምፆች ላይ በአየር በኩልና በአጥንት በኩል በምትሰማው መካከል 25 ዴሲቤል ልዩነት ተገኘ። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ከጉልላቱ፣ ምን ያህሉ ወንፊቱ ራሱ ዝቅተኛውን ድምፅ ስለሚሸፍንባት እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

አሁን አንድ ጥያቄ ቀረ፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ እርሱ ነው። ይህ ጉልላት ትናንት አልበቀለም። ሰው ሲወለድ ጁጉላር ባልብ የለውም፤ መሠራት የሚጀምረው ሕፃኑ ቆሞ መሄድ ከጀመረ በኋላ፣ በሁለት ዓመት ዕድሜ ገደማ ነው፤ እስከ ወጣትነት ድረስም ያድጋል። ይህች ሴት እስከ 26 ዓመቷ ድረስ ከዚሁ ጉልላት ጋር ኖራለች፤ ሽንኩርት ተሸክማለች፤ አንዲትም ሌሊት አልተሰማትም። ታዲያ ለምን አሁን?

መልሱ ከዓይኗ ቆብ ሥር ነበር። ቆቡን ወደ ታች ስስበው ቀይ ሊሆን የሚገባው ነጭ ሆኖ አገኘሁት፤ ይህንንም በመጀመሪያው ቀን አላየሁትም። ሄሞግሎቢኗ 8.1 ሆኖ ተገኘ። ላልፀነሰች ሴት ከ12 በታች የደም ማነስ ነው። የደም ማነስ ሲኖር ደሙ ይቀጥናል፤ ልብም የጎደለውን ለማካካስ ይፈጥናል፤ ቀጭን ደም በፍጥነት ሲወርድ መጠምዘዣ ላይ ይታወካል፤ የታወከ ደም ድምፅ አለው። የዓባይ ገባሮችም ሜዳ ላይ ዝም ብለው፣ ድንጋይና ጠመዝማዛ ላይ ሲደርሱ ነው የሚጮኹት። በእርሷ ላይ ደግሞ የደሙ አብዛኛው ክፍል በአንዱ፣ በቀኙ በኩል ይወርዳል፤ መጠምዘዣውም ያለው ከታምቡሩ ጀርባ፣ ያለ አጥንት ነው። እርግዝናውም የደሙን መጠን ስለሚያበዛ ጅማሬውን ይገልጸዋል፤ የወሊዱ ደም መፍሰስም መባባሱን። የሰገራ ምርመራ ስናሠራ የመንጠቆ ትል እንቁላል ተገኘ። በመስኖ ጭቃ ያለ ጫማ የሚሠራ ሰው ላይ ይህ የሚገርም አይደለም፤ ትሉ በእግር ቆዳ ይገባና በአንጀት ተቀምጦ ደም ይመጥጣል። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞኗ ደኅና ነበር። በዓይኗ ውስጥ የነርቩ ራስ እብጠት ስለሌለው የአንጎል ግፊት ከፍ ያለ አልመሰለንም፤ ይህን ሳያዩ ከልብ ምት ጋር የሚሄድ ጩኸት ያለባትን ወጣት ሴት ማሰናበት ትልቅ ስሕተት ነው።

የቀዶ ጥገናውን ጉዳይ በአጭሩ አልፈዋለሁ። የጎደለውን ጣሪያ በአጥንት ወይም በለስላሳ አጥንት (በካርቲሌጅ) መልሶ መክደን አለ፤ ደም መልሱን ማሰርም አለ፤ ከውስጥ በቱቦ ገብቶ መሙላትም አለ። ማሰሩ ለእርሷ የማይታሰብ ነበር፤ ግራው ቀጭን ሆኖ ሳለ ቀኙን መዝጋት ከአንጎሏ የሚመለሰውን ደም መውጫ ማሳጣት ነው። ባለቤቷ ቀዶ ጥገና የሚለውን ቃል ሲሰማ ከወንበሩ ተነሥቶ ነበርና እንደማንቀድ ስነግረው ደስ ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እርሱ ግን «ታዲያ ይህን ሁሉ ያየነው ለኪኒን ነው?» አለኝ። ልክ ነው፤ ለኪኒን ነበር።

ለትሉ አልቤንዳዞል 400 ሚሊግራም አንድ ጊዜ፣ ለደሟ ፌረስ ሰልፌት የተባለውን የብረት ኪኒን በየቀኑ ሰጠናት። ከባድ የሆነው ኪኒኑ ሳይሆን ቡናው ነው። ቡናና ሻይ የብረቱን ወደ ደም መግባት ስለሚቀንሱ ኪኒኑን ከቡናው ሁለት ሰዓት ያህል ማራቅ እንደሚገባ ነገርኳት። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት ሁለት ሰዓት የሚራቅበት ቦታ መፈለግ ራሱን የቻለ ስሌት ነው፤ በመጨረሻ የተስማማነው ማታ ሕፃኗን ስታስተኛ፣ ሦስተኛው ቡና ከተነሣ በኋላ እንድትውጠው ነው። ጤፍ ብረት አለውና እንጀራው አይበቃም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጤፍ ብረት እንዳለው እውነት ነው፤ ከሚለካው ውስጥ የተወሰነው ግን በአውድማ ከአፈር የሚገባ ሲሆን ሰውነትም በቀላሉ አይወስደውም፤ እንዲያውም ጤፉ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ 8.1 ላይ ባልተገናኘን።

ከስምንት ሳምንት በኋላ ስትመጣ ሄሞግሎቢኗ 10.9 ነበር። ወንፊቱ ቀን ቀን ጠፍቷል፤ ሌሊት በቀኝ ጎኗ ስትተኛ ብቻ ይሰማታል። በአራተኛው ወር 12.6 ሆነ፤ የልብ ምቷም በደቂቃ 76። ድምፁን አሁን የምትሰማው ሽንኩርት ለመንቀል ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ስትል ብቻ እንደሆነ ተናገረች። ታምቡሩን ሳየው ሰማያዊው እንደነበረ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር አልተንቀሳቀሰም፤ በኦዲዮሜትሪም ያ 25 ዴሲቤል ልዩነት ወደ 20 ዝቅ ከማለት በቀር አልተዘጋም። ደሟን አከምን እንጂ አካሏን አልለወጥንም። መስማቷ ለኑሮዋ ስለሚበቃት ማዳመጫ መሣሪያ አልፈለገችም።

በጆሮ አካባቢ ሐኪምን የሚያሳስት ደም መልስ ይህ አንዱ ብቻ አይደለም። ሲግሞይድ ሳይነስ በአንዳንድ ሰው ወደ ፊት ተስቦ ከጆሮ ቦይ ጋር ሊነካካ ይደርሳል፤ በሌላው ከጆሮ ጀርባ አጥንቱን በስቶ ወደ ቆዳ የሚወጣ ወፍራም ደም መልስ አለ፤ በፅንስነት ጊዜ ሊጠፋ ይገባው የነበረ መተላለፊያም ሳይጠፋ የሚቀርበት አለ። በአገራችን መግል የያዘ ጆሮ ብዙ ስለሆነ ከጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንት መቦርቦር የየሳምንቱ ሥራችን ነው፤ እነዚህ ሦስቱ የሚገናኙንም እዚያ ነው። ከዚህች ሴት በኋላ ሰማያዊ ታምቡር ባየሁ ቁጥር ከቢላው በፊት ሁለት ጣቴን ከመንጋጋ ሥር አስቀምጣለሁ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የመጀመሪያውን ጽሑፌንም ከካርዷ አልፋቅኩትም፤ በአንድ መሥመር ሰርዤው ከጎኑ ቀኑንና ፊርማዬን አኑሬበታለሁ፤ ተለማማጅ ሐኪሞች ሲመጡ መጀመሪያ የማሳያቸው እርሱን ነው።

በመጨረሻው ቀጠሮ ሕፃኗ 11 ወር ሞልቷት የወንበሩን እግር ይዛ ትቆም ነበር። እናትየዋ እያየቻት «ይቺስ? እሷም ወንፊት ይኖራት ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። ጉልላቱ በልጅቷ ላይ ገና እንዳልተሠራ፣ ቆማ ስትሄድ መሠራት እንደሚጀምር፣ ከፍ ያለ ጉልላት ያላቸው ብዙ ሰዎችም ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳያውቁት እንደሚኖሩ ነገርኳት። ሕፃኗ በዚያው ቅጽበት ወንበሩን ለቀቀችና ወደቀች፤ ሲስተር አነሣቻት።

ከመሄዷ በፊት በወፍራም ወረቀት በትልልቅ ፊደል እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «ቀኝ ጆሮ። ከታምቡሩ ጀርባ ያለው ሰማያዊ ነገር ፈሳሽ አይደለም፤ ደም መልስ ነው። አይወጋ፤ አይሰንጠቅ፤ ናሙና አይወሰድ።» ባለቤቷ አንብቦ ጨረሰና ወረቀቱን ከሕፃኗ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ፌስታል ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።